የአባዬን መኪና በምን እናድርሳት?

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ ጭነት ነው። «የቤተሰብ መጽሔት ላይ ጭነትን ምን አመጣው?» እንዳትሉኝ። ከመካከላችን ክፍለ ሀገር ላሉ ወላጆቹ ፍሪጅ ያልላከ፣ ሶፋ ያላስጫነ፣ ለእህቱ ሠርግ ዕቃ ያላጓጓዘ ጥቂት ሰው ነው። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ባለፈው ዓመት የላክነው ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነበር፤ መኪና። ለዚያውም ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት ዝቅ ያለች መኪና።

ወላጆቼ የሚኖሩት መርሳ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፋችሁ፣ ወልድያ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ የምታገኟት ሞቃት ከተማ ናት፤ የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ። የማንጎና የፓፓያ አገር ናት። አባዬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። እማዬ ስኳር አለባት፤ በየወሩ ለክትትል ወልድያ ሆስፒታል ትሄዳለች። ሚኒባስ ጠብቃ፣ ተጋፍታ፣ ከመናኸሪያ ደግሞ ባጃጅ ይዛ።

አባዬ ለረጅም ዓመታት የነዳት ነጭ ዲኤክስ ነበረችው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እኛ አካባቢ ሲደርስ ቤተሰቡ በእግሩ ወጣ። ሲመለሱ ቤቱ ቆሞ ነበር፤ ዲኤክሷ ግን አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ አባዬ ስለ መኪና አያወራም። ቁልፏን ግን አልጣለውም። ዛሬም ከሳሎኑ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

እኛ ልጆቹ ያንን ቁልፍ እያየን ስንት በዓል አሳለፍን። በመጨረሻ ለሦስት ቆጥበን አንዲት ትንሽ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ላይ ገዛን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ገበያው ወዴት እንዳዘነበለ ታውቃላችሁ። ለእኛም ስሌቱ ይመች ነበር። ከመርሳ ወልድያ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ ለትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ቀላል መንገድ ነው። መልሶ ለመሙላትም በቤት ሶኬት አራት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ነዳጅ ተራ መሰለፍ የለም።

ለአባዬ አልነገርነውም። ብንነግረው «ለእናንተ ልጆች ትምህርት አድርጉት» ብሎ እንደሚያስቀረን እናውቃለን።

ለምን ነድተን አልሄድንም?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ከአዲስ አበባ መርሳ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛዋ በፋብሪካው ወረቀት ላይ እንኳ በአንድ ሙሌት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚላት። ዳገቱም አለ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስታችሁ፣ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋሮቢት ቆላ ትወርዳላችሁ፤ እንደገና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ትወጣላችሁ። በየመንደሩ መግቢያ ደግሞ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ አንዳንዱ እንደ ግድብ የቆመ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ባትሪ ያለው ደግሞ ሆዷ ሥር ነው። የመኪናዋ ውድ ክፍል እሱ ነው። ያንን ይዤ በማላውቀው ጉብታ ላይ መጫወት አልፈለግሁም። ስለዚህ ትጫን ተባለ።

የመጀመሪያው ስህተቴ

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ በዋጋ ብቻ እንዳይወስን የማሳምን ሰው፣ የራሴ ጉዳይ ሲሆን በዋጋ ብቻ ወሰንኩ። አንድ ደላላ «ክፍት አይሱዙ አለ፣ ፍራፍሬ አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ ርካሽ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ወደ ሰሜን የሚመለስ ባዶ መኪና ስታገኙ ዋጋው ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ለነዳጁ ያህል የሚሸፍንለት ካገኘ ደስ ይለዋል። ይህን ያዙት፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ጥፋቱ ዘዴው አልነበረም፤ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ቀብድ መክፈሌ ነው።

በቀጠሮው ቀን አይሱዙው አንድ የአፈር ቁልል ጥግ ተጠግቶ ቆመ። ከአፈሩ ጫፍ እስከ ካሶኒው ወለል ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍታ ይቀር ነበር። ረዳቱ ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት ጣውላዎች ዘረጋ። ታናሽ ወንድሜ መሪ ያዘ። የፊት ጎማዎቿ ጣውላውን ገና ሳይረግጡ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። የፊት ባምፐሯ የታችኛው ከንፈር ጣውላው ላይ ተቀመጠ፤ ሰነጠቀ። ሾፌሩ «ምንም አይደል፣ ፕላስቲክ ነው፣ ጋዝ ስጠው» ይላል። እኔ ደግሞ ከፊቷ ቆሜ «አቁም! አቁም!» እላለሁ።

ጋዝ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚመታው ባትሪው ነበር። ወደ ኋላ አስመለስኳት። ቀብዱ ቀረ። ማታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ ብላችሁ አትሳቁብኝ። የሦስት ሰው ቁጠባ ነበር።

አባዬ ሳያውቅ የሠራው ስሌት

በማግስቱ ሜትር ገዛሁና መኪናዋን ለካሁ። ከሆዷ እስከ መሬት 12 ሳንቲ ሜትር። በፊትና በኋላ ጎማ እምብርት መካከል 2 ሜትር ከ50። ቁጥሩን ይዤ ምን እንደማደርገው ግን አላወቅሁም። ስለዚህ የማውቀው የሒሳብ መምህር ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ ዝቅ ያለች መኪና ጭነት መኪና ላይ ለማውጣት መወጣጫው ስንት ሜትር መሆን አለበት?»

አባዬ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። ወረቀት ሲፈልግ ይሰማኛል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሶ ደወለ።

«ስሚ፣ ችግርሽ መወጣጫው ላይ ብቻ አይደለም፤ መወጣጫው አልቆ ወለሉ የሚጀምርበት ጫፍ ላይም ነው። የፊት ጎማዋ ወለሉ ላይ ሲወጣ፣ የኋላዋ ገና መወጣጫው ላይ ሳለ፣ ጫፉ ሆዷን ይወጋታል። ስለዚህ የወለሉን ከፍታ በሁለቱ ጎማዎች ርቀት አባዢ። ከሆዷ በታች ያለውን ክፍተት በአራት አባዢ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍይ። ከዚያ ያነሰ መወጣጫ አትቀበይ።»

አብረን እንሥራው። የአይሱዙ የጭነት ወለል ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሲባዛ በ2.5፣ 2.5። ከሆዷ በታች 0.12 ሲባዛ በ4፣ 0.48። 2.5 ለ0.48 ሲካፈል 5.2። ማለትም ከደልዳላ መሬት ተነስታ እንድትወጣ ከአምስት ሜትር በላይ መወጣጫ ያስፈልጋታል። ውስጧ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ትንሽ ትወርዳለች፤ ስለዚህ ጨምሩበት። የእኛ ሁለት ሜትር ጣውላ ለግማሽ ሜትሩ ከፍታ እንኳ አይበቃም ነበር፤ 2.6 ሜትር ይፈልጋል።

ለፊት ከንፈሯ ደግሞ ስሌት አያስፈልግም። ክር ያዙ። አንዱን ጫፍ የፊት ጎማው መሬት ከነካበት ቦታ፣ ሌላውን ከባምፐሩ ዝቅተኛ ጫፍ ጋር ወጥሩ። መወጣጫው ከዚያ ክር የበለጠ ቀጥ ካለ ይነካችኋል።

«ለመሆኑ ይህቺ መኪና የማን ናት?» አለ አባዬ በመጨረሻ።

«የደንበኛ ናት» አልኩት።

ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ ምን አለ?

የአጎቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ተሽከርካሪ በማጓጓዝ ነው የሚተዳደረው። እዚያ ቅዳሜና እሑድ መኪና የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ፤ የውድድር መኪና ደግሞ ከእኛዋም የባሰ መሬት የተጠጋች ናት። ባለቤቶቿ አውራ ጎዳና ላይ አይነዷትም፤ ዙሪያውን ዝግ በሆነ ተሳቢ ውስጥ አስገብተው በፒክአፕ ይጎትቷታል። ተሳቢ ሲመርጡ ምን እንደሚያዩ ጠየቅሁት። የነገረኝን ወደ እኛ አገር ቋንቋ መልሼ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ወለሉ። ለዝቅተኛ መኪና የሚሠራ ጥሩ ተሳቢ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ የኋላው ጫፍም ወደ መሬት ያዘነብላል፤ መወጣጫው ረጅም ነው። ሰው ስለ ቀለምና ስለ መብራት ከመጠየቁ በፊት ስለዚህ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የውስጥ ስፋት። «ገብታ ትወጣለች ወይ ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፤ ሾፌሩስ በምን ይወጣል በይ» አለኝ። ሳጥኑ ጠባብ ከሆነ መኪናዋ ትገባለች፣ በሯ ግን አይከፈትም። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ ተሳቢዎች በሾፌሩ በር ትይዩ ጎናቸው ላይ ሌላ በር ያላቸው።

ሦስተኛ፣ ማሰሪያው። ወለሉ ላይ በብረቱ አጥንት የተበየዱ ቀለበቶች አሉ ወይ? ጣውላ ላይ በብሎን የተያዘ ቀለበት ዋጋ የለውም።

አራተኛ፣ ሚዛኑ። ይህ በተሳቢ ለሚጎትቱ ነው። ክብደቱ ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል አለበት፤ ከጠቅላላው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ የሚሆነው መጎተቻው ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ክብደቱ ወደ ኋላ ከሄደ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል።

አምስተኛ፣ አቅሙ። መኪናዋ 1,200 ኪሎ፣ ተሳቢው ራሱ ሌላ ክብደት፤ ጎታቹ ሁለቱን ይችላል ወይ? መጎተት መቻል ብቻ አይበቃም፤ ማቆምም መቻል አለበት።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ተሳቢ በየደጁ የለም። ጥያቄዎቹ ግን ለየትኛውም ጭነት መኪና ይሠራሉ።

ያሉን አራት ምርጫዎች

አራቱንም በወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ሥራዬ ነውና።

ክፍት አይሱዙ ርካሽ ነው፣ እንደ ልብ ይገኛል፣ ሲመለስ ባዶውን ነው። ለመጫንም አየርም ብርሃንም አለው፤ ስፖንዳው ሲወርድ ሾፌሯ በቀላሉ ይወርዳል። ግን ጠጠር፣ አቧራ፣ ዝናብ አለ። ሸራ ቢለብስ ሸራው እየተርገበገበ ቀለሟን ይፍቀዋል። የሚያይ ዓይን ደግሞ ብዙ ነው።

ሎቤድ ወለሉ ዝቅተኛ፣ መወጣጫውም ረጅም ስለሆነ ለመጫን እንደ እሱ የሚመች የለም። ዶዘርና ኤክስካቫተር የሚጭን ነው። ለአንዲት ትንሽ መኪና ብቻውን መከራየት ግን ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ጋሪ እንደመቅጠር ነው። ሌላ ጭነት ይዞ የሚሄድ ካገኛችሁና ከተጋራችሁ ያዋጣል።

በተሳቢ ላይ ያለ ኮንቴይነር ሌላው ነው። 20 ጫማው ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ስፋት አለው፤ ትንሽ መኪና ትገባለች። ዝግ ነው፣ ይቆለፋል። ነገር ግን ተሳቢ ላይ ሲቀመጥ ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። በአባዬ ስሌት መወጣጫው ስምንት ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው። በክሬን ካልሆነ ወይም እኩል ከፍታ ያለው መጫኛ ካልተገኘ አይታሰብም።

አራተኛው ዝግ ሳጥን ያለው አይሱዙ ነው፤ የታሸገ ዕቃ የሚያከፋፍሉት ዓይነት። ከዝናብም ከዓይንም ይሰውራል። ችግሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሙሉ፣ ሲመለስ ባዶ መሆኑ ነው። የእኛ መንገድ ደግሞ መሄጃው ነው። ስለዚህ ቅናሽ የለውም፤ የመጀመሪያውን ዋጋ እጥፍ ጠየቁኝ። ውስጡን ለካሁት፤ ስፋቱ 2 ሜትር ከ10። መኪናችን 1 ሜትር ከ70። በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር። በሯ አይከፈትም።

እኔ የመረጥኩት ይህንኑ ነው። እጥፍ ዋጋውን ስወስን የመጀመሪያውን ቀን ቀብድና የተሰነጠቀውን ባምፐር ደመርኩበት። ርካሹ ርካሽ አልነበረም። እናንተ መኪናችሁ ያረጀች ከሆነና ወቅቱ በጋ ከሆነ ግን ክፍቱ አይሱዙ በቂ ነው፤ ለዝግ ሳጥን አትክፈሉ። በሁለቱም ዋናው መወጣጫው ነው።

መጫኛውን ከሁለቱም ጫፍ

ብዙ ሰው መጫኑን ብቻ ያስባል። የምትወርደውስ የት ነው? አዲስ አበባ ላይ ቃሊቲ አካባቢ ከአይሱዙው ወለል ጋር እኩል ሊባል የሚችል ጠንካራ መጫኛ አገኘን። በመርሳ በኩል ደግሞ ወልድያ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ሜትሩን ይዞ ወጣ። መርሳ ላይ የሚመች ቦታ አጣ። ወልድያ ላይ ግን ማሽን የሚያወርዱበት የተደለደለ ዳገት አገኘ፤ ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። አሁን ቀመሩን አስገቡት፤ 80 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ መወጣጫ ይበቃል። ሁለት ሜትር ጣውላ ተረፈን። ያው ጣውላ፣ ያቺው መኪና፤ የተለየው ከፍታው ብቻ ነው።

ወንድሜ ማስጫን ላይ በመስኮት ሊወጣ አስቦ ነበር፤ እሱ ሆድ አውጥቷል፣ አልሆነም። በኋላ በር በኩል እየዳኸ ወጣ። ረዳቱ እየሳቀ «ወንድሜ፣ አራስ ቤት መሰለህ» አለው።

አታሳስሯት፣ ጎማዋን እሰሩ

መኪና እንደ ጆንያ በመጫኛ ገመድ አይታሰርም። ገመድ ይረግባል። መወጠሪያ ያለው ሰፊ ቀበቶ ይሻላል፤ ቀበቶው ደግሞ በጎማው ላይ ይዙር፤ በአካሏ አይደለም። ጎማዋ ከወለሉ ጋር ሲታሰር አካሏ በሞላዋ ላይ እንደ ልቧ ትነቃነቃለች፤ ጉብታ ሲመጣ የሚሰበር ነገር የለም። አራቱም ጎማ ይታሰር። ከፊትና ከኋላ ታኮ ይግባ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች ባትሪው ሳጥን ላይ ወይም ብርቱካናማ ሽቦ አጠገብ ምንም መንጠቆ አይግባ።

ሁለት ነገር ልጨምርላችሁ። ስትጫን ባትሪዋ ግማሽ ያህል ይኑረው፤ ባዶዋን ከሆነች በራሷ አትወርድም። እንደ ሌላው መኪና ያላት ትንሿ ባትሪ ደካማ ከሆነች ቀድማችሁ ቀይሩ፤ እሷ ከሞተች መኪናዋን ነፃ ማርሽ ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል። የሚነዳው ጎማዋ መሬት እየነካ በገመድ መጎተት ደግሞ ሞተሯን ይጎዳል።

ውጫሌን አስታውሱ

ከመርሳ ደቡብ፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ታውቁታላችሁ፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ይል ነበር። መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። እኛ ወሎዬዎች ውልን በሁለት ቋንቋ መፈረም ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባል። ከአይሱዙ ባለቤት ጋር ግን «እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «ኢንሻ አላህ» ተባብለን እንለያያለን።

እኔም ሁለተኛው ጊዜ ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የሚደርስበት ቀን፣ ከወልድያው ዳገት ላይ ለማውረድ የሚከፈል ተጨማሪ ነገር እንደሌለ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚችል። የጭነት መኪናውን ሊብሬ አይቼ የመጫን አቅሙን፣ ቦሎው መታደሱን፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ከመኪናው ጋር መመጣጠኑን አረጋገጥኩ። አንድ ነገር በደንብ ያዙ፤ የሦስተኛ ወገን መድን የተጫነችውን መኪናችሁን አይሸፍንም። ለጭነቱ ጉዞ የተለየ መድን ያስፈልጋል፤ ኢንሹራንስ ድርጅታችሁን ጠይቁ። ሳትጫን በፊት በአራቱም ጎን ፎቶ አንሷት። ሆዷንም ጭምር።

መንገድ

ግንቦት ላይ ተነሳን፤ ክረምቱ ሳይገባ። ጠዋት ደውለን የጠየቅነው የመጀመሪያ ጥያቄ ሰሜን ቤተሰብ ያላችሁ ሁሉ የምትጠይቁት ነው፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ሰላም ነው አሉን። ካላሉ ቀኑን ማራዘም ነው፤ የትኛውም ቀጠሮ ከዚያ አይበልጥም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጣን። ሾፌሩ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰንዳፋ ላይ ሳልጠይቃቸው አቆሙ። «ልጄ፣ የመጀመሪያዋ ማሰሪያ ሁልጊዜ ትዋሻለች» አሉኝ። ሳጥኑን ሲከፍቱ በእርግጥም የኋላ ግራው ቀበቶ ረግቦ ነበር። ወጠሩት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩትን የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረዱት፤ ፍሬን ላይ እግራቸውን እንዳያሳርፉ ስንት ጊዜ «ወይ ጉድ» እንዳልኩ ብቻ አትጠይቁኝ። ሸዋሮቢት ላይ እንደገና አየናት። ኮምቦልቻ አደርን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መርሳ ገባን፤ አለፍንም። ቤታችን ከዋናው መንገድ አይርቅም። እማዬና አባዬ ግን ቤት አልነበሩም፤ የእማዬ የሆስፒታል ቀን ነበር። ይህን ቀን የመረጥነው ሆን ብለን ነው።

ወልድያ ላይ ታላቅ ወንድሜ ከሆስፒታል ይዟቸው መጣ። «ዕቃ እናወርዳለን፣ እርዱን» ነው ያላቸው። አባዬ ዳገቱን አየው፣ የአይሱዙውን ወለል አየው፣ የተዘረጋውን ጣውላ አየው። ዝም አለ። ሳጥኑ ተከፈተ። ቀበቶው ተፈታ፣ ታኮው ወጣ፣ ታናሽ ወንድሜ በኋላ በር ዳኸ። መኪናዋ ወደ ኋላ ቀስ ብላ ወጣች። ጣውላው ጋ ስትደርስ አባዬ ጎንበስ ብሎ ሆዷን ተመለከተ። አልነካችም።

«ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ያስለካሽኝ?» አለኝ።

እማዬ እልል አለች። አባዬ ቁልፉን ከወንድሜ እጅ ሲቀበል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አላየንም አልን። ወደ መርሳ የነዳው ራሱ ነው። በሙሉ መንገድ ከ40 በላይ አልሄደም፤ ሚኒባሶቹ እየነፉ ያልፉናል። እማዬ ከፊት ተቀምጣ «እንዲህ ቀስ እንዳልክ ከሆነ በእግሬ እቀድምሃለሁ» ትለዋለች። ቤት ሲደርስ አዲሱን ቁልፍ በዚያው ሚስማር ላይ ሰቀለው። የዲኤክሷን ቁልፍ አላነሳውም። ሁለቱ አሁን አብረው ናቸው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ለወላጆቻችሁ ከበድ ያለ ነገር ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ለኩ፤ ቀጥሎ የምትወርድበትን ቦታ አግኙ፤ ከዚያ ጭነት መኪናውን ምረጡ፤ ውሉን ጻፉ፤ ዋጋ የምትደራደሩት በመጨረሻ ነው። እኔ በዋጋ ጀምሬ ባምፐር ሰበርኩ። ቤተሰቡ ውስጥ የሒሳብ መምህር ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ጋ ደውሉ፤ ምክንያቱን ባትነግሩትም ደስ ይለዋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።